በሰውነት ውስጥ ውሎ የሚያድር ንዴት

ባለፈው ዓመት ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለሁለት ሳምንት ቤቴ ሆኜ እንድለካ አዘዘኝ። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ግፊቴ ከፍ ይላል። ሐኪም ፊት ስቀርብ ብቻ የሚመጣ ይሁን እውነተኛ ሕመም፣ መለየት ፈልጎ ነው። ጠዋትና ማታ እለካለሁ። ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከጎኑ ደግሞ ከመለካቴ በፊት ምን ሳደርግ እንደነበር አሰፍራለሁ።

ነርሷ አለካኩን ስታሳየኝ ጥንቃቄዋ ትዝ ይለኛል። "ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጀርባዎን ይደገፉ፣ እግርዎን አያነባብሩ፣ አያውሩ" አለችኝ።

ያለችኝን አደረግኩ። አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዝም ያለው ግን አፌ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማታ ማሽኑ 158 በ 97 አለ። ደነገጥኩ። ጠዋት 126 በ 82 ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ አልተጣደፍኩም፣ ሥራም አልያዝኩም። ደብተሩ ላይ "ምንም" ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁና እጄ ቆመ። እውነት ምንም እያደረግኩ አልነበረም? አምስቱን ደቂቃ ሙሉ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በሐሳቤ ስጣላ ነበር። እሱ ያለውን እደግማለሁ፣ ያን ጊዜ ያልመለስኩለትን እመልሳለሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ምናልባት ተኝቷል። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና ማሽኑ ብቻ ነን።

ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እኔ ሳልጠየቅ የተወሰነ ውሳኔ። አልተሰዳደብንም፣ አልተጯጯህንም። እኔ "ሆድ ይፍጀው" ብዬ ዝም አልኩ። ያየኝ ሁሉ ሆደ ሰፊ ነው፣ ቻለው አለ። እኔም እንደቻልኩት አምኜ ነበር። ያን ቀን ማታ ግን 158 በ 97ን አፍጥጬ እያየሁ፣ ሆዴ ነገሩን አልፈጀውም፣ ነገሩ ነው ሆዴን የፈጀው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። እየደጋገመ የገረመኝ፣ ቋንቋችን ቀድሞ ማወቁ ነው። ንዴት ራሱ ከመንደድ የወጣ ቃል ነው። ደሜ ፈላ እንላለን። አንጀቴ አረረ፣ ጨጓራዬ ተላጠ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ደም ሥሬ ተገታተረ እንላለን። በአማርኛ ስሜት ዝም ብሎ አየር ላይ አይንሳፈፍም፤ የሚያርፍበት ሥጋ አለው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቃል ያዘኝ። መብሰልሰል። ከመብሰል ጋር ዘመዳሞች ይመስሉኛል። ንዴት ቦግ ብሎ ይነዳል። መብሰልሰል ግን ክዳኑ ተከድኖ፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው።

ቦግ የሚለውን መጀመሪያ ልናገር፣ ምክንያቱም ክፉ ነገር አይደለም። ዋልተር ካነን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ፣ ራጅ ገና አዲስ በነበረበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ምግብ በድመቶች ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያጠና ነበር። ድመቷ ስትረበሽ ጨጓራዋ ቀጥ ይላል። ስትረጋጋ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬን አበላሸችብኝ ብሎ ያልፈው ነበር። ካነን ግን ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ሥራ፣ ቁጣና ፍርሃት ሰውነትን ለትግል ወይም ለሽሽት እንደሚያዘጋጁ አስረዳ።

ዝግጅቱ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች ይነሳል ማለት ይቻላል። አንጎል አደጋ አለ ሲል አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል። የሆድ ዕቃ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ሌላው ቀርቶ፣ ብንቆስል ቶሎ እንዲረጋ ደሙ ራሱ ይዘጋጃል፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ቅንጣቶች ለመጣበቅ ይፈጥናሉ። ኮርቲሶል ደግሞ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ከፍታው ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። ሰውየው "በቃ፣ አልፎልኛል" ባለበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ አውሬ ለገጠመው ሰው ግሩም ነገር ነው። ይታገላል ወይም ይሮጣል፣ ስኳሩን ያቃጥላል፣ ከዚያ ያበቃል። እኔ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የምታገለው የለም። የምሮጥበትም የለም። ደሜ ለማይመጣ ቁስል ሊረጋ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ጆን ሃንተር የሚባል ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ሲናደድ ደረቱን አጥብቆ ያመው ነበር። "ሕይወቴ ሊያናድደኝ በፈለገ በማንኛውም ባለጌ እጅ ናት" ይል እንደነበር ይነገርለታል። በ1793 ጥቅምት ወር በሚሠራበት ሆስፒታል ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሳ። ሃንተር ከክፍሉ ወጣ፣ ወደቀ፣ ሞተ። ታሪኩን ሳነብ የታዘብኩት፣ ሰውየው የገዛ ሕመሙን መንስኤ በትክክል ማወቁን ነው። ማወቁ ግን ብቻውን አላዳነውም።

ይህን ነገር በቁጥር ለመያዝ የተደረገው ጥረት ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1950ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሜየር ፍሪድማንና ሬይ ሮዘንማን የሚባሉ ሁለት የልብ ሐኪሞች፣ ታካሚዎቻቸው የጋራ ጠባይ እንዳላቸው አስተዋሉ። ጥድፊያ፣ ፉክክር፣ ቶሎ የሚቀሰቀስ ጥላቻ። "ኤ ዓይነት ጠባይ" አሉት። ከ3,000 በላይ ወንዶችን ለስምንት ዓመት ተኩል ተከታትለው፣ ይህ ጠባይ ያላቸው ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኙት። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የሚቸኩል ሰው ሁሉ ሊሞት ነው ተባለ።

በኋላ የመጡ ትልልቅ ጥናቶች ግን ያንኑ ውጤት ሊደግሙት አልቻሉም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ጠባዩን ለያይተው ማየት ጀመሩ። መቸኮሉ ነው? ሥራ ማብዛቱ ነው? ሁለቱም አልሆኑም። ከወንፊቱ ላይ የቀረው ጥላቻ ነበር፤ ሰውን አለማመን፣ ሁሉም የራሱን ጥቅም ብቻ ነው የሚያየው ብሎ ማሰብ፣ ለትንሹ ነገር ክፉ ትርጉም መስጠት። ይህን የሚለካ መጠይቅ በ1954 ተዘጋጅቶ ነበር። ያን ጊዜ የታሰበው ግን ለልብ ሕመም አልነበረም፤ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚስማሙ መምህራንን ለመለየት ነበር። ተማሪ ሳሉ መጠይቁን የሞሉ 255 ሐኪሞች ከ25 ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲገኙ፣ የጥላቻ ነጥባቸው ከፍ ያለው በልብ ሕመም ይበልጥ ተጎድተው ነበር፤ የሞቱትም ከእነሱ ይበዙ ነበር። ይህ በ1983 ታተመ።

ልጠንቀቅ። ሁሉም ጥናት እንዲህ አላለም። በ2009 የለንደን ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያዩ፣ ጤነኛ በነበሩ ሰዎች ላይ ንዴትና ጥላቻ የልብ ሕመም ዕድልን በ19 በመቶ ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዘው ተገኙ። 19 በመቶ የሞት ፍርድ አይደለም። ሲጋራና ያልታከመ ግፊት አሁንም ትልልቆቹ ጠላቶች ናቸው። ግን ባዶም አይደለም።

መጠይቁ ሊለካው የሞከረው ነገር ግን ከቁጥሩ በላይ አስጨነቀኝ። እኔ ራሴን ተናዳጅ ሰው ነው ብዬ አላውቅም። ግልፍተኛ አይደለሁም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ወንድሜ ያደረገውን ነገር ሁሉ በክፉ ተርጉሜዋለሁ። ለበዓል መልእክት ሲልክ "ለይስሙላ ነው" አልኩ። ሳይልክ ሲቀር "አየኸው" አልኩ። በየትም ዞሮ ማምለጫ አልነበረውም። ጥላቻ ማለት መጮህ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በጣም ዝም ያለ ጥላቻም አለ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ማውጣት ወይስ ማፈን? ሰው ሁሉ ይህን ነው የሚጠይቀው። እኔም በዚህ ጥያቄ ብዙ ቆየሁ።

አንዱ ወገን "አውጣው፣ ይውጣልህ" ይላል። ትራስ ምታ፣ ጩህ፣ ይቀልሃል። ብራድ ቡሽማን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2002 ያሳተመው ሙከራ አለ። 600 ተማሪዎች ጽሑፍ ጻፉ፣ ከዚያ ሆን ተብሎ ጽሑፋቸው በስድብ ተተቸ። ከፊሎቹ የሰደባቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ ተደረገ። ከፊሎቹ ስለ ስፖርት እያሰቡ መቱ። የቀሩት ዝም ብለው ተቀመጡ። ከሁሉም በላይ የተናደዱት የሰደባቸውን እያሰቡ የመቱት ሆኑ። በጠበኝነት ዝቅ ያሉት ምንም ሳያደርጉ የተቀመጡት ናቸው። በ2024 ደግሞ ራሱ ቡሽማን ከባልደረባው ጋር 154 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። ሰውነትን የሚያረጋጋ ነገር ንዴትን ይቀንሳል፤ ሰውነትን የሚያግለው ግን በጥቅሉ አይቀንሰውም። ሩጫ ለልብ ጥሩ ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። የተናደደን ሰው ማብረጃ ግን አይደለም።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። "ይኸው፣ ዝም ማለቴ ልክ ነበር" አልኩ። ደስታዬ አልቆየም።

ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን በ1993 ሰዎችን የሚዘገንን ፊልም አሳዩ። ለከፊሎቹ "የሚሰማችሁን ማንም እንዳያውቅባችሁ" አሏቸው። ሰዎቹ ቻሉበት፣ ፊታቸው ረጋ አለ። የልብ ምታቸው እንዲያውም ዝቅ አለ። ነገር ግን ዝግናኔው አልቀነሰላቸውም። የእጃቸው ላብና የጣታቸው ደም ሥር መጥበብ፣ ስሜታቸውን ካላፈኑት ይበልጥ ጨመረ። ፊት ሲዘጋ ሰውነት በሌላ በር ይወጣል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው የ2003ቱ ነው። የማይተዋወቁ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው አሳዛኝ ፊልም ካዩ በኋላ እንዲያወሩ ተደረገ። ከሁለቱ አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ በምስጢር ተነግሯታል። በዚህ ጊዜ ምንም ያልተነገራት፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ሴትም የደም ግፊቷ ከፍ አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቤተሰቡ ስብሰባ ከወንድሜ ፊት ለፊት የድንጋይ ፊት ይዤ ተቀምጫለሁ። ዝምታዬ እኔን ብቻ የሚጎዳ፣ እሱን የሚምር ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ራሱ እንደተሳሳተ የገባኝ። ከረጢት የሚመታውና ፊቱን የዘጋው ሰው ተቃራኒ ይመስላሉ። ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሁለቱም አሁንም ጠቡ ውስጥ ናቸው። ሰውነት የሚያየው መጮህና አለመጮሁን ብቻ አይደለም። ጠቡ አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለውን ነው። እኔ ውስጥ ደግሞ ሦስት ዓመት አላለቀም።

ስለ መብሰልሰል ያነበብኩት ይህን አጠናከረልኝ። ሰውነትን ብቻ የሚያደክም ሥራ የደም ግፊትን ከፍ ቢያደርገውም ቶሎ ይመለሳል። በንዴት የወጣ ግፊት ግን ለመመለስ ይዘገያል። ከዚያም ሰው ቆይቶ ያንኑ ነገር መልሶ ሲያስታውስ ግፊቱ እንደገና ይነሳል። ሰዳቢው በቦታው መኖር አያስፈልገውም። ትዝታው ይበቃል። በ2024 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 280 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ያናደዳቸውን ነገር ለስምንት ደቂቃ ብቻ ያስታወሱ ሰዎች ደም ሥሮቻቸው የመስፋት አቅማቸው ቀነሰ። ቅናሹ እስከ 40 ደቂቃ ታየ። ያሳዘናቸውን ወይም ያስጨነቃቸውን ነገር ያስታወሱት ላይ ግን ተመሳሳይ ነገር በግልጽ አልታየም። ስምንት ደቂቃ ያስታወሱት፣ 40 ደቂቃ። እኔ በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ሙሉ የምገላበጥ ሰው ነኝ። ሒሳቡን አስቤ ተውኩት።

የኦሃዮዋ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባለቤቷ ሮናልድ ግሌዘር ያደረጉት ደግሞ ለዓይን የሚታይ ነው። 42 ባልና ሚስቶች ክንዳቸው ላይ ትንንሽ የቆዳ ቁስል እንዲወጣ ተደረገ። አንድ ቀን ስለሚደጋገፉበት ነገር አወሩ፤ ሌላ ጊዜ ስለማይስማሙበት ነገር። ካልተስማሙበት ወሬ በኋላ ቁስሉ ለመዳን ዘገየ። እርስ በርሳቸው ጥላቻ የሚያሳዩት ባልና ሚስቶች ቁስላቸው የሚድንበት ፍጥነት፣ ጥላቻ ከማያሳዩት 60 በመቶው ብቻ ነበር። ያየነው ንግግር ነው፣ የዳነው ወይም ያልዳነው ግን ቆዳ ነው።

ሐኪሜ መድኃኒት ጀመረልኝ፣ ግፊቴ የእውነት ነበርና። ያንን በደንብ እወስዳለሁ። ከዚያ ውጪ ያለውን ግን እኔ መጀመር ነበረብኝ።

መጀመሪያ ደብተሩን ሌላ ሥራ ሰጠሁት። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል ተመራማሪ በ1986 ተማሪዎች አራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ስለከበዳቸው ነገር እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ነገሩንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳቸው ቀነሰ። እንድጽፍ ያደፋፈረኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፤ ጽፈው እንደጨረሱ ያን ዕለት ስሜታቸው የባሰ፣ ግፊታቸውም ከፍ ያለ ነበር። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። የመጀመሪያውን ቀን ጽፌ ስጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ባላውቅ ኖሮ በዚያው እተወው ነበር።

በሦስተኛው ቀን "ተናደድኩ" የሚለውን ቃል መጻፍ አቆምኩ። ቃሉ እውነት አልነበረም፣ ወይም ሙሉ እውነት አልነበረም። የጻፍኩት "ተናቅኩ" የሚል ነው። ቀጥሎ ደግሞ "ናፍቆኛል" የሚል ቃል ወጣ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስሜትን በስሙ መጥራት አሚግዳላ የሚባለውን የአንጎል ክፍል እንደሚያበርደው በ2007 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት አሳይቷል። የእኔ አንጎል ውስጥ የሆነውን ማየት አልችልም። ትከሻዬ ግን ወረደ። ያን ያህል ተሰቅሎ እንደቆየ ሲወርድ ነው ያወቅኩት።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ስለሱ ብዙ ስለተባለ አላስረዝመውም። ወደ ውጪ የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስ። ነጻ ነው፣ ይሠራል።

ከዚያ ስልክ መደወል ቀረ። ለዚህ አንድ ወር ፈጀብኝ። ጆን ጎትማን የሚባል የትዳር ተመራማሪ፣ በጭቅጭቅ መሀል የልብ ምት ከ100 ካለፈ ሰው ማዳመጥ እንደሚሳነው ጽፏል። በዚያ ሰዓት ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ቆም ማለት፣ በቆሙበት ጊዜም ነገሩን አለማብሰልሰል ይመክራል። ይህን ይዤ ደወልኩ።

"አለሁ" አለ ወንድሜ። ድምፁ ጠንቃቃ ነበር።

ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነው። "ያን ጊዜ ሳትጠይቀኝ ስትወስን እንደናቅከኝ ነው የተሰማኝ። ያኔውኑ ልነግርህ ይገባ ነበር" አልኩት።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ትንፋሹ ይሰማኛል። "እኔ እኮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "አንተ ግድ ያለህ አይመስለኝም ነበር። ፊትህ ላይ ምንም የለም።"

ትንሽ አወራን። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ስንገባ እሱ የራሱን ምክንያት መደርደር ጀመረ፣ እኔም ያን የሦስት ዓመት መልሴን ላወጣው ስል ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ሰማሁት። ጣቴን አንጓዬ ላይ አደረግኩ። ፈጥኗል።

"ይቅርታ፣ አሁን በደንብ እየሰማሁህ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ስጠኝና መልሼ ልደውል" አልኩት።

"መልሰህ ትደውላለህ?" አለኝ።

"እደውላለሁ።"

ወጥቼ ዛፎቹን እያየሁ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ክርክሩ ሲመጣብኝ የዛፎቹን ቅጠል መመልከት እጀምራለሁ። መልሼ ስደውል ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።